ሆኪ በነገሠበት ቤት ፉትቦልን ማኖር

ይድረስ ለወዳጄ ለጌታነህ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹ፣ እናታቸው፣ እማማስ ደህና ናቸው? ዝምታዬ በዛ። ሰበብ ብደረድር አንተም አታምነኝ፣ እኔም አላምነው። ብድሬን የምከፍለው በመጨረሻው ደብዳቤህ የጠየቅኸኝን በመመለስ ነው። «አገር በሆኪ ያወቀው ዩኒቨርሲቲ ፉትቦሉ ላይ ለምን ገንዘብ ያፈሳል? ትቶት አያርፍም?» ብለህ ነበር። ጥያቄህ አንድ መስመር ነው፤ መልሱ ግን ወረቀት ይፈጃል፤ ቡናው ይፈላልህና ተቀመጥ።

መጀመሪያ በቃሉ እንስማማ። እግር ኳስ ስል የኛውን ነው። ያንን ኳስ በብብት ተይዞ የሚሮጥበትን፣ ራስ ቁር የሚደፋበትን፣ ፉትቦል እለዋለሁ። ሆኪውን ለመረዳት ደግሞ ሩቅ አትሂድ፤ ገናን በረዶ ላይ አስበው። ቆልማማው ዱላ ያው ነው፤ እሩሩ ጠፍጣፋ ጎማ ሆኗል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው ግን እዚያ አይሠራም። ጌቶቹ ይቆጣሉ፤ ቼክ የሚጽፉትም እነሱ ናቸው።

ምሳሌ የማደርግልህ አሜሪካ ያለውን ሰሜን ዳኮታ ዩኒቨርሲቲን ነው። ከተማው ግራንድ ፎርክስ ይባላል፤ ከካናዳ ድንበር በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ በለጥ ቢል ነው። ሆኪው 8 ጊዜ የአገር ሻምፒዮን ሆኗል፤ 1959፣ 1963፣ 1980፣ 1982፣ 1987፣ 1997፣ 2000 እና 2016 (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር)። ሌሎቹ ስፖርቶች ሁለተኛ ዲቪዚዮን በነበሩበት ዘመን ሆኪው ብቻውን አንደኛ ዲቪዚዮን ይጫወት ነበር። ፉትቦሉ የአገር ዋንጫ ያነሣው አንዴ ነው፤ በ2001፣ በሁለተኛ ዲቪዚዮን። በዚያው ዓመት ሁለት አዳራሾች ተከፈቱ፤ የነገሩም ሥር እነሱ ናቸው።

አንዱ ራልፍ ኤንግልስታድ አሪና ነው። ኤንግልስታድ በተማሪነቱ የዚሁ ቡድን በረኛ ነበር፤ ኋላ ላስ ቬጋስ ውስጥ የቁማር ቤት ባለጸጋ ሆነ። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ 11,600 ያህል ሰው የሚይዝ የሆኪ ቤት አሠራ። ሁለተኛው አለረስ ሴንተር ነው፤ ፉትቦሉ የሚጫወትበት፣ 12,000 ገደማ የሚይዝ፣ ባለቤቱ የከተማው አስተዳደር የሆነ አዳራሽ። ልብ አድርግ፤ ሆኪው ለሱ ተብሎ በተሠራ ቤት ይኖራል፣ ፉትቦሉ ከስብሰባና ከሙዚቃ ድግስ ጋር ቀን የሚጋራ ተከራይ ነው። ሁለቱን «እኩል ደግፉ» የሚል ሰው ይህን ካላየ ገና መንገድ አልጀመረም።

አሁን ወደ ወንበር ቆጠራው እንግባ፤ አንተ የሒሳብ ሰው ነህና ይጣፍጥሃል። ሆኪ በሜዳው በዓመት 18 ገደማ ይጫወታል፣ ፉትቦል 5 ወይም 6። ሁሉም ወንበር ቢሞላ ሆኪው 208,800 ወንበር ለገበያ ያቀርባል፣ ፉትቦሉ በ6 ጨዋታ 72,000። ለስሌት ያህል ቲኬቱን በ30 ዶላር ብንወስደው 6.26 ሚሊዮን ለ2.16 ሚሊዮን ነው። የጉዞው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ሆኪ ዓርብና ቅዳሜ እዚያው ከተማ ሁለቴ ይጫወታል፤ ከ30 ሰው ብዙም ያልበለጠ ቡድን፣ አንድ አውቶቡስ፣ አንድ ሆቴል፣ ሁለት ጨዋታ። ፉትቦል ለአንዲት ጨዋታ ከ60 በላይ ተጫዋች፣ ከነአሰልጣኙና ከነሐኪሙ፣ በኪራይ አውሮፕላን ወይም በሦስት አውቶቡስ ይጭናል።

እስካሁን ያነበበ ሰው «እንግዲያውስ ዝጉት!» ይላል። ዘግተው ያዩት አሉ። ዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ፉትቦሉን በ1961 መጀመሪያ ዘጋ። ሆኪው ፉትቦሉ ሳለ በ1958 እና በ1960 አሸንፎ ነበር፤ በተዘጋ በወራት ውስጥም በ1961 ደገመ፤ ከዚያ 1968 እና 1969። ከዚያ ወዲያ እስከ 2004 ድረስ 35 ዓመት አንድም የለም። ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ፉትቦሉን በ1997 ሲዘጋ ከሆኪ ዋንጫዎቹ አራቱን ቀድሞ ወስዶ ነበር፤ ከመዝጋቱ በኋላ ያገኘው የ2009ኙን ብቻ ነው። ዴንቨር ኋላ በ2017፣ በ2022 እና በ2024 ማሸነፉ እውነት ነው፤ ግን ያ ከግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ የዘገየ «የፉትቦል ቁጠባ» ሊባል አይችልም። ከፉትቦል የተነጠቀ ብር ወደ ሆኪ አይፈስም፤ ወደ ዩኒቨርሲቲው ጠቅላላ ካዝና ይመለሳል፣ እዚያም ጣሪያ የሚያፈስበት ቤተ ሙከራ ይጠብቀዋል።

ሒሳቡ የሚሳሳተው ስኮላርሺፑ ላይ ነው። ሰሜን ዳኮታ አሁን በሚጫወትበት የፉትቦል ደረጃ (በአንደኛ ዲቪዚዮን ታችኛው እርከን) ለብዙ ዓመታት ጣሪያው 63 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበር፤ እየቆራረሱ እስከ 85 ተጫዋች ማካፈል ይቻል ነበር። የሆኪ ጣሪያ 18 ነበር። ወረቀት ላይ 63 ከ18 ጋር ሲታይ ፉትቦሉ ሆዳም ይመስላል። ግን ቡድኑ 100 ልጅ ካለው የ37ቱ ክፍያ ከኪስ ይመጣል። ክፍያው በዓመት 15,000 ዶላር ነው እንበል፤ 555,000 ዶላር ይገባል። 63ቱ ላይ «ወጪ» ተብሎ የሚጻፈው 945,000 ደግሞ አብዛኛው ከአንድ ኪስ ወደ ሌላ ኪስ የሚዛወር ነው፤ መምህሩ እንደሆነ ያስተምራል፣ ክፍሉም ይበራል። እውነተኛ ጥሬ ገንዘብ የሚወጣው ለምግብ፣ ለመኝታ፣ ለመጽሐፍ ነው። ትንንሽ ኮሌጆች ተማሪ ሲያንሳቸው ፉትቦል የሚከፍቱት በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ስሌት የሚፈርሰው በሁለት ቦታ ነው፤ መኝታ ቤቱ ሞልቶ ከሆነና እነዚያ 37 ልጆች ፉትቦል ባይኖርም ይመጡ ከነበረ። ሁለተኛውን ማንም በእርግጠኝነት መለካት አይችልም፤ የበጀት ስብሰባ ላይ የሚጮኸው ሰው ግን ሁልጊዜ በእርግጠኝነት ይናገራል።

ሌላው የገንዘቡ ዓይነት ነው። ለጋሽ «ለሆኪ» ብሎ የሰጠው ብር የታሰረ ነው፤ ለፉትቦል ራስ ቁር ቢገዙበት ክስ ነው። ስለዚህ በጀት ሠሪው መጀመሪያ የሚያደርገው ሁለት ዓምድ መክፈት ነው፤ በአንዱ የታሰረው፣ በሌላው ነጻው (የተማሪዎች የስፖርት ክፍያ፣ ከዩኒቨርሲቲው የሚመደበው፣ ከኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ የሚደርሰው፣ እንዲሁም ያልታሰረ የቲኬት ገቢ)። ሆኪ በታሰረው ዓምድ ሀብታም ከሆነ ነጻውን ገንዘብ ለሱ መጨመር ስንፍና ነው። ግን ደግሞ ተጠንቀቅ፤ ነጻውን ሙሉ በሙሉ ከሆኪ ብታነሣ ለጋሹ ይሰማል፤ «እኔ ስሰጥ እናንተ ትቀንሳላችሁ» ብሎ እጁን ይሰበስባል። እኔ ብሆን የሆኪውን ነጻ ገንዘብ አልቆርጥም፤ ባለበት አቁሜው ጭማሪውን ወደ ፉትቦል አዞራለሁ። ቁጥሩ ሳይነካ ድርሻው በዓመታት ይስተካከላል፤ ማንም ላይ በር አይዘጋም።

የፉትቦሉ የራሱ ጓዳ ገቢ ደግሞ አለ፤ ትልልቆቹ ትንሹን ጋብዘው በመቶ ሺዎች ዶላር ይከፍላሉ። ሰሜን ዳኮታ በ2022 ኔብራስካ ሄዶ 38 ለ17 ተሸነፈ፤ በ2024 አዮዋ ስቴት ላይ 21 ለ3፤ በ2025 ካንሳስ ስቴት ጋር 38 ለ35፤ ሊያሸንፍ ምንም አልቀረውም ነበር። በዓመት አንዴ ይበቃል። ሁለቴ ሲሆን ተጫዋች ይሰበራል፣ የሜዳ ጨዋታ አንድ ይጎድላል፣ ጥሎ ማለፍ ለመግባት የሚያስፈልገው የድል ቁጥርም ይሳሳል። ክፍያው በጎደለው የሜዳ ጨዋታ ገቢ መቀነስ አለበት፤ ብዙ ሰው ይህን መቀነስ ይረሳል።

አሁን ወደ መራራው ልምጣ። ፉትቦልና ሆኪ ሲጋፉ ሁለቱ ብቻ ያሉ ይመስልሃል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ሦስተኛ ወገን ነው። በ1972 የወጣው ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ ለሴቶች ተመጣጣኝ ዕድል ይጠይቃል፤ ፉትቦል መቶ ወንድ ሲያስገባ በሌላኛው ሚዛን የሚቀመጥ የለውም፤ እንደሱ መቶ ሰው የሚይዝ የሴቶች ስፖርት የለምና። አንደኛ ዲቪዚዮን ለመቆየትም ቢያንስ 14 ስፖርት ያስፈልጋል። ስለዚህ በጀት ሲጠብ የሚታረደው ትልቁም አስገዳጁም ሳይሆን መካከለኛው ነው። በማርች 2017 ዩኒቨርሲቲው የሴቶች ሆኪንና የወንድና የሴት ዋናን አንድ ላይ ዘጋ። የሴቶቹ ሆኪ ከንቱ ቡድን አልነበረም። እዚያው የተጫወቱት የላሞሩ መንትያ እህትማማቾች በ2018 ፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ አሜሪካን ለወርቅ አበቁ፤ ሞኒክ የአቻነቷን ጎል አገባች፣ ጆሴሊን ደግሞ በመለያ ምቱ አሸናፊዋን። ቡድናቸው ከተዘጋ ዓመት አልሞላም ነበር። ተጫዋቾች ከሰሱ፤ ጉዳዩ መጀመሪያ ውድቅ ተደርጎ በ2021 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያንን ሽሮ መለሰው። የሴቶች ሆኪ የሚጎዳው በወጪው የወንዶቹን ስለሚመስል ነው፤ ያው በረዶ፣ ያው ትጥቅ፣ ያኔ ደግሞ ያው 18 ስኮላርሺፕ፤ ወንበሩን የሚሞላ ግን ያን ያህል ሰው የለም። ፍትሑን ትተን በሒሳብ ብቻ ብናየው እንኳ የተዘጋ ቡድን አዳራሹን ርካሽ አያደርገውም። በረዶው 61 ሜትር በ26 ሜትር ነው፤ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው፤ አንድ ቡድን ቢሮጥበት ሁለት ቡድን ቢሮጥበት ማቀዝቀዣው ያው ይሠራል።

ፉትቦሉን ምን አንገበገበው ካልክ፣ መልሱ 130 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ነው። ፋርጎ ያለው ሰሜን ዳኮታ ስቴት ሆኪ የለውም፤ በ2004 ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ወጥቶ ከ2011 እስከ 2024 ባሉት የውድድር ዘመናት 10 ጊዜ የዚያ የታችኛው እርከን ሻምፒዮን ሆነ። ግራንድ ፎርክስ የተከተለው በ2008 ነው። አራት ዓመት ቀድሞ የሄደ ሰው ተጫዋቹንም ለጋሹንም ቀድሞ ያገኛል። ጎረቤት እንዲህ ሲሆን ተመራቂው ሁሉ ሆኪውን ረስቶ «እኛስ?» ይላል።

ሰሞኑን ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። በጁን 2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው፣ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩና ከሳሽ ተጫዋቾች ያደረጉት ስምምነት የስኮላርሺፕ ጣሪያውን አንሥቶ፣ ስምምነቱ ውስጥ ለገቡት ትምህርት ቤቶች፣ የተጫዋች ቁጥር ጣሪያ አስቀመጠ፤ ለፉትቦል 105፣ ለሆኪ 26። ከዚያም በላይ ትምህርት ቤት ለተጫዋች በቀጥታ እንዲከፍል ፈቀደ፤ ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ትምህርት ቤት በጠቅላላ እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር። ከኦገስት 2025 ጀምሮ ደግሞ በካናዳ ዋና የወጣቶች ሊግ የተጫወቱ ልጆች በአሜሪካ ኮሌጅ ሆኪ እንዲጫወቱ ተፈቀደላቸው። ያ ለሆኪ ትልቅ ገበያ ነው፤ ገበያውን ግን የሚገዛው የፉትቦል ቴሌቪዥን ገንዘብ ያለው ነው። ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲን ተመልከት። ሆኪውን አንደኛ ዲቪዚዮን ያደረገው በ2012 ነው፤ ባለጸጋው ቴሪ ፔጉላ በ2010 የ88 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ ስላወጀ። ከ100,000 ሰው በላይ የሚይዝ የፉትቦል ስታዲየም ያለው ትምህርት ቤት ነው። ሆኪው በ2025 ከአገሩ የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ገባ፤ በዚያው ክረምትም የካናዳውን ዝነኛ ልጅ ጋቪን ማኬናን አመጣ። እንግዲህ ሆኪን የሚያሰጋው እዚያው ቤት ያለው ትንሹ ፉትቦል ሳይሆን የሌላው ቤት ትልቁ ፉትቦል ሆኗል።

በተግባር ምን ይደረግ? እኔ በቲኬቱ እጀምራለሁ። የሆኪ ጥሩ ወንበር የሚመደበው ደንበኛው በሚያጠራቅመው ነጥብ ከሆነ የፉትቦል የዓመት ቲኬት የገዛም ነጥብ ያግኝ። ይህ ሲደረግ የሚበላሸው ነገር የታወቀ ነው፤ ሰዉ ነጥቡን ፈልጎ ይገዛል፣ አይመጣም፤ ወንበሩ ተሸጦ ባዶ ይሆናል፣ ምግብና መጠጥ አይሸጥም፣ ተጫዋቹም ባዶ አዳራሽ ያያል። መድኃኒቱ ነጥቡን ለግዢ ሳይሆን በር ላይ ለተነበበ ቲኬት መስጠት ነው። ኦክቶበር ላይ ቅዳሜ ቀን ፉትቦል፣ ማታ ሆኪ ማድረግም ከሩቅ ለሚነዳ ቤተሰብ ጥሩ ነው፤ ግን በዓመት ከሁለት ቅዳሜ አይለፍ፤ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛው፣ ጥበቃው፣ የሙዚቃ ጓዱና ሐኪሙ ሁለቱም ጋ የሚሄዱት እነዚያው ሰዎች ናቸው።

ከአዳራሹ ባለቤት ጋር ያለው ውልም ከኪራዩ ይልቅ በቀኑ ይመዘናል። የፉትቦሉ ጥሎ ማለፍ 24 ቡድን ይዞ በምስጋና በዓል ሰሞን ይጀምራል፤ ሜዳህ ላይ ለማስተናገድ ገንዘብ አስይዘህ ትጫረታለህ። ያን ቅዳሜ አዳራሹ ለሌላ ድግስ ተከራይቶ ከተገኘ ወቅቱን ሙሉ የተለፋበት ባዶ ሆነ ማለት ነው። የኖቬምበር መጨረሻንና የዲሴምበርን ሁለት ቅዳሜዎች ቀድሞ በውል ማስያዝ ከአዲስ የክብደት ማንሻ ክፍል ይልቅ ይጠቅማል፤ ዋጋውም ከዚያ ጋር አይወዳደርም። የምግቡና የመኪና ማቆሚያው ገቢ ለማን እንደሚሄድ በዚያው ውል ይጻፍ፤ እሱ ሳይጻፍ ኪራይ ቀነሰልን የሚል ሰው ገና አልተገላገለም።

የ37ቱን ልጆች ስሌት እስኪ አንተም አገላብጠህ እየውና የሳትኩት ካለ ቀዩን እስክሪብቶህን አትሰስት። እማማን እጅ ንሣልኝ፤ ልጆቹንም ሳምልኝ። ዘንድሮ ገና ሲጫወቱ ዱላውን ከምን እንጨት እንደቆረጡት ጻፍልኝ።

ወንድምህ
ሰሎሞን