ቃለ ጉባኤው የት አለ?

ለጋዜጣው የዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ጡረታ የወጣሁ ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ ስል መጽሐፍ የምጽፍ እንዳይመስላችሁ። በ1973 ዓ.ም. በታይፒስትነት ተቀጥሬ በ2013 ዓ.ም. ከአንድ መሥሪያ ቤት የሥራ አስኪያጅ ጸሐፊ ሆኜ ወጣሁ። አርባ ዓመት ሙሉ ሌላው ሰው ሲናገር እኔ ስጽፍ ነው የኖርኩት። ፖለቲካ አላውቅም። ስብሰባ ግን አውቃለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ወረዳችን ስብሰባ ጠርቶን ነበር። የወረዳውን ስም አልጠራም፤ ከሌሎቹ የተለየ ጥፋት ያለበት አይመስለኝም። ማስታወቂያው ከጠዋቱ 2፡30 ይላል። ሰብሳቢዎቹ የገቡት 4 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። «ሀገራዊና ከተማዊ ወቅታዊ ጉዳዮች» የሚል ባነር ተሰቅሏል፤ የታሸገ ውኃ ታደለን። አንድ ልጅ እግር የሆነ ኃላፊ ከግድግዳው ላይ እያነበበ አንድ ሰዓት ተኩል ገለጻ አደረገልን። ከዚያ «መድረኩ ለተሳታፊ ክፍት ነው» ተባለ። ለእኛ የቀረችው ሃያ አምስት ደቂቃ ነበረች።

ሰባት ሰው ተናገረ። ልማድ አይለቅም፣ እኔ ሁሉንም በደብተሬ ጻፍኩ። አንዲት እናት ስለ እንቁላል ዋጋ ጠየቁ። አንድ ወጣት ሥራ ለመቀጠር ስንት ቦታ ሲቪ እንዳስገባ ተናገረ፤ መሃል ላይ ድምፁ ተቆረጠና ተቀመጠ። አንድ ጋሼ ስለ መብራት አነሱ። እኔ አምስተኛ ነበርኩ።

የእኔ ጥያቄ የመንገድ ነው። ትውልዴ ጎጃም ነው፣ ከደጀን አለፍ ብሎ። ታላቅ ወንድሜ ሲሞት ስልክ ስለማይሠራ መርዶው የደረሰኝ በሦስተኛው ቀን ነበር። ለቀብሩ አልደረስኩም። ለአርባው ለመሄድ መናኸሪያ ድረስ ወጥቼ ሾፌሮቹን ጠየቅሁ። አንዱ «እማማ፣ ዛሬ አይኬድም፤ ነገ ደግሞ እናያለን» አለኝ። ያ «ነገ» ይኸው ዓመት አለፈው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ለስድስት ወር ነው ተባለ፤ ከዚያም ተራዘመ። አዋጁ ካበቃም ቆየ። እኔ ግን አባይን ለመሻገር አሁንም የምጠይቀው ሾፌር ነው። ስለዚህ ተነሥቼ «መንገዱ መቼ ነው ሰላም የሚሆነው? ማንስ ከማን ጋር እየተነጋገረ ነው?» አልኩ። ሌላ ምንም አላልኩም።

የተሰጠው መልስ ለሰባታችንም አንድ ነው። «ያነሳችኋቸው ነጥቦች በሙሉ ትክክል ናቸው። አንዳንዶቹ ከወረዳው አቅም በላይ ቢሆኑም እንደ ግብዓት እንወስዳቸዋለን።» አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ለምዷል።

ግብዓት የሚለውን ቃል ድሮ የማውቀው ከእርሻ ጋር ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ግብዓት ይባሉ ነበር፣ በዚህ ጉዳይ ስንት ሪፖርት ታይፕ አድርጌያለሁ። ማዳበሪያ እንኳ መሬት ከገባ በኋላ የሆነ ነገር ይበቅላል። የእኛ ጥያቄ የሚገባበት መሬት የት እንደሆነ ነው ያልገባኝ።

ለማያውቀው ሰው ቃለ ጉባኤ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ቀኑና ቦታው ይጻፋል። የተገኙትና ያልተገኙት ይዘረዘራሉ። አጀንዳው ይቀመጣል። ማን ምን እንዳለ ባጭሩ ይሰፍራል። ከዚያ ዋናው ነገር ይመጣል፤ ውሳኔው፣ ፈጻሚው፣ የጊዜ ገደቡ። መጨረሻ ላይ ሰብሳቢው ይፈርማል። የሚቀጥለው ስብሰባ የሚጀመረው ያለፈውን በማንበብ ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ፈጻሚ የሌለው ውሳኔ ወሬ ነው» ይሉ ነበር፤ ረቂቁንም ጠረጴዛዬ ላይ ወርወር አድርገው ይመልሱልኝ ነበር።

የእድራችን ጸሐፊ ስድስተኛ ክፍልን አልጨረሱም። ነገር ግን ድንኳኑ ስንት ካስማ እንደጎደለው፣ የትኛው ቤት ስንት ወንበር እንዳልመለሰ መዝገባቸው ላይ አለ። ባለፈው ወር ያልተመለሰ ድስት በዚህ ወር ይነበባል። ያልመለሰችውም ሴት እዚያው ተቀምጣ ትሰማለች። እኔ ከመንግሥት ከዚህ የበለጠ አልጠየቅሁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ድሮ ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም። በደርግ ጊዜ የውይይት ክበብ ነበር፣ መቅረት አይቻልም። ደብዳቤውን ሁሉ «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት» ብዬ ነበር የምዘጋው፤ ጣቴ ሳላየው ይመታው ነበር። በኢሕአዴግ ጊዜ ደግሞ ግምገማ መጣ። በሁለቱም ዘመን ሰው የተናገረው ቃል ተጽፎ በኋላ ራሱን ሲበላው አይቻለሁ። አንዳንዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህን ለልጆቼም ነግሬ አላውቅም። ስለዚህ ሲጻፍ የሚፈራ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ግን ያኔ የሚጻፈው የእኛ ቃል ነበር። እኔ አሁን የምለው የእነሱ ቃል ይጻፍ ነው።

ባይጻፍ ምን ይጎዳል ትሉኝ ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ያኔም ተሰብስበን ነበር። ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒትና የምግብ ዘይት ስለሚደጎሙ አትሥጉ ተባልን። በቀጣዩ ዓመት አጋማሽ ላይ ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከጎረቤቴ ጋር እስካሁን እንከራከራለን። እኔ «ድጎማው ይቀጥላል ብለዋል» እላለሁ። እሷ «ቀስ በቀስ ይነሳል ነው ያሉት» ትላለች። ሁለታችንም አዳራሽ ውስጥ ነበርን። ማን ይዳኘን? የተናገረው ኃላፊ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል።

መልካሙን አልደብቅም። መስከረም 2018 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲስተካከል የዲግሪ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። የእህቴ ልጅ ከተጠቀሙት አንዷ ናት፣ እሰየው። የኪራይ አዋጅ አለ፣ አከራይ እንዳሻው አይጨምርም ይላል። የእሷ አከራይ በመስከረም የጨመሩት በቃል ነው። ውሉ ላይ ያለው ብር ሌላ፣ በየወሩ የምትከፍለው ሌላ። የእኔን ጡረታ እዚህ አልጽፍም፣ ያስቃል።

ሪፖርት ማድረግ አይችሉም ደግሞ እንዳትሉኝ። ለሕዳሴው ግድብ የወር ደመወዜን በዓመት ከፍዬ አዋጥቻለሁ፤ ቦንድም ገዝቻለሁ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ከተቀመጠ ጀምሮ ስንት ብር እንደተዋጣ፣ ግንባታው ስንት በመቶ እንደደረሰ ሲነገረን ኖሯል። ዘገየ ሲባል ሰማን፣ ተበላሸ ሲባልም ሰማን። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ አለቀስኩ። ያ ለምን ሆነ? ቁጥር ነበረው፤ የሚጠየቅ ሰው ነበረው። በምረቃው ሳምንት ሰፈራችን ውስጥ መብራት ሁለቴ ጠፋ፤ እሱን ለጋሼ ልተውላቸው፣ ጥያቄው የእሳቸው ነው።

ስለ ሀገራዊ ምክክሩም እንዲሁ። ኮሚሽኑ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአዋጅ ሲቋቋም ሦስት ዓመት ተሰጠው። ሥራው ስላላለቀ በ2017 ዓ.ም. ሌላ ዓመት ተጨመረለት። ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ሰው ተነጋግሮ ሲታረቅ የሚጠላ የለም። ግን በየክልሉ ሲሰበሰብ የቆየው አጀንዳ ነው። አጀንዳ በቃለ ጉባኤ ላይ ከላይ የሚጻፍ መስመር ነው። አራት ዓመት ሙሉ ከላይኛው መስመር ሳንወርድ ቆየን።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ለመምረጥ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቼ ነበር። ጡረታ ልወጣ የቀሩኝ ቀናት ነበሩ። ነጠላዬን ደርቤ፣ ዱካ ይዤ ሄድኩ። አንዱ ዕጩ ከምርጫው በፊት ሰፈራችን መጥተው እጄን ጨብጠዋል፤ «እናቴ፣ በሬ ሁልጊዜ ክፍት ነው» ብለውኛል። እሳቸውን መረጥኩ፤ አሸነፉም። በሩ የት እንዳለ ግን አልነገሩኝም ነበር። ቢሯቸውን ለማግኘት ሁለት ቦታ ሄጃለሁ። አንዱ ጋ ዘበኛው «ቀጠሮ አለዎት?» አለኝ። ሌላው ጋ ዘበኛም የለም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል። ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ሊያነሳው እንደሚችልም ይላል። እኔ ማንንም ላነሳ አልፈልግም። ባገኛቸው ይበቃኛል። ምርጫ ደግሞ መምጣቱ አይቀርም። እጄን የሚጨብጥ ዕጩ ሲመጣ ደብተሬን አውጥቼ «የሚሉትን ይጻፉልኝና ይፈርሙበት» ልለው አስቤያለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ሞክሬው ነበር። ስብሰባው ሲያልቅ ቤት ገባሁና በእጄ የጻፍኩትን ሥርዓት አስይዤ ገለበጥኩት። የልጅ ልጄ በኮምፒውተር ጻፈልኝ፣ ሁለት ገጽ ሆነ። ሰባቱም ጥያቄዎች አሉ። «ውሳኔ»፣ «ፈጻሚ» እና «የጊዜ ገደብ» የሚሉትን ባዶ ተውኳቸው። ሰኞ ጠዋት ወረዳ ሄጄ ያን ወጣት ኃላፊ አገኘሁት። ጨዋ ልጅ ነው፣ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ ይህን እንዲያመጡ ማን ላከዎት?» አለኝ።

«ማንም አልላከኝ ልጄ፣ ሥራዬ ነው» አልኩት።

እስክሪብቶውን ያዘ። ትንሽ አሰበ። ክዳኑን መልሶ ገጠመና «ይተዉልኝ፣ ከበላይ ጋር ልነጋገርበት» አለ። አንዱን ኮፒ ትቼለት አንዱን ይዤ ወጣሁ። ዛሬ ሐሙስ ነው። የእኔን ኮፒ ለእናንተ ልኬዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ

አባሪ፦ ሁለት ገጽ ቃለ ጉባኤ፣ ያልተፈረመ