ያሳያችሁኝ ሌላ፣ የተከላችሁልኝ ሌላ

ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን

ለሳተላይት ኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ ውሌ ያለ ቅጣት እንዲቋረጥና የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ከሰኔ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሳቢያን በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ የእናንተን የሳተላይት ኢንተርኔት ስጠቀም ቆይቻለሁ። መተዳደሪያዬ በቪዲዮ ማስተማር ነው፤ ጀርመንና ስዊድን ለተወለዱ ያገራችን ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ይህንን ለሽያጭ ሠራተኛችሁ ውሉን ከመፈረሜ በፊት ነግሬዋለሁ። ቅሬታዬም የሚነሳው ከዚሁ ነው።

ሳህኑ በተተከለ ማግስት የሆነውን ልንገራችሁ። ፊደል የማስቆጥረው በቅብብል ነው፤ እኔ «ሀ» ስል ልጁ «ሀ» ይላል፣ «ሁ» ስል «ሁ» ብሎ ይከተላል። ያን ቀን እኔ «ሁ» ላይ ስደርስ የልጁ «ሀ» ገና መምጣቱ ነበር። ልጠብቀው ዝም ስል ያልሰማሁት መስሎት ይደግማል፤ ስጀምር እሱም ይጀምራል፤ እንጋጭና ሁለታችንም ዝም። በመጨረሻ የሰባት ዓመቱ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ለምን ታቋርጠኛለህ?» አለኝ። (አንቱታው ላይ ገና አልደረስንም።) በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ሌላ አስተማሪ ወሰዱ።

መስመሩ ደካማ መስሎኝ ስደውል ፍጥነቱን እንድለካ ተነገረኝ። ለካሁ፤ በውሉ ላይ ከተጻፈው አላነሰም። «እንግዲያው ችግሩ ከእርስዎ ኮምፒውተር ነው» ተባልኩ። በሐምሌ ደግሞ ከፍ ያለ ፓኬጅ እንድገዛ መከራችሁኝ። ገዛሁ፣ ከፈልኩ፤ «ሀ» እንደዘገየች ቀረች።

ነገሩ የገባኝ ራሴ ካጣራሁ በኋላ ነው። የእኔ ሳህን የሚያየው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከምድር ጋር እኩል እየዞረ አንድ ቦታ የቆመ የሚመስል ነው። ድምፄ ወደዚያ ወጥቶ እስኪወርድ ከ71,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ የልጁ መልስም ያንኑ መንገድ ይዞ ይመጣል። በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር እየበረረ እንኳ ደርሶ መልሱ ግማሽ ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል፤ መሣሪያዎቹ የሚጨምሩት ሳይቆጠር። ይህ መዘግየት ፓኬጅ በማሳደግ አይቀንስም። እኔ ኮምፒውተሬን ስጠራጠር ከረምኩ፤ እናንተ ግን ሥራችሁ ነውና ታውቁታላችሁ።

ያናደደኝ የሳተላይቱ ርቀት አይደለም። ሠራተኛችሁ ሳሎኔ ቁጭ ብሎ በስልኩ ያሳየኝ ቪዲዮ ዝቅ ብለው ስለሚዞሩት፣ እንደ ስታርሊንክ 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ስላሉት ሳተላይቶች ነበር። መዘግየታቸው እምብዛም እንደማይታወቅ አይቼ «የሚተከልልኝ ይሄ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «አቦ፣ ሳተላይት ሳተላይት ነው፣ ሁሉም ያው ነው» አለኝ። ያው አይደለም። ያኛው ከድሬ አዲስ አበባ በመኪና እንደመሄድ ያለ ርቀት ነው፤ የእናንተው ምድርን ዞሮ ሊጨርስ ጥቂት የቀረው ነው።

መልካሙን አልደብቅም። በነሐሴ ሰፈራችን ለቧንቧ ሲቆፈር የመሬት ገመዱ ተበጥሶ ጎረቤት ሁሉ አራት ቀን ያለ ኢንተርኔት ሲከርም የእኔ ቤት ይሠራ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ የሥራ ማመልከቻዋን የላከችው እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነው። ፋይል ለማውረድ፣ ፊልም ለማየት፣ ኢሜይል ለመላክ ግማሽ ሴኮንድን የሚቆጥር የለም። ገመድ ያልደረሰበት ገጠር ያለ ክሊኒክ ወይም እርሻ ቢጠይቀኝ፣ ዛሬም «ግዙ» እላለሁ። ለእኔ ሥራ ግን አይሆንም፤ ይህንንም ሥራዬን የሰማ ሠራተኛ ሊነግረኝ ይገባ ነበር።

ዝናቡንና ፀሐይዋን በእናንተ አላሳብብም። በክረምቱ አመሻሽ ላይ ከደንገጎ በኩል ደመናው ጠቁሮ ሲመጣ ተማሪዎቼን ቀድሜ መሰናበት ለምጃለሁ፤ ከባድ ዝናብ ሲግናሉን እንደሚያዳክመው ገብቶኛል። በመስቀል ሰሞን ለተከታታይ ቀናት እኩለ ቀን ላይ ለጥቂት ደቂቃ ሲጠፋብኝም፣ በየዓመቱ በመስከረምና በመጋቢት ፀሐይ ከሳተላይቱ ጀርባ ስታልፍ የሚያጋጥም መሆኑን ተረድቻለሁ። ቀኑ አስቀድሞ የሚሰላ ነገር ስለሆነ ግን አንድ አጭር መልእክት መላክ ምን ይከብድ ነበር?

የተከላውን ጉዳይ ግን ለማንም አላሻግርም። ቴክኒሻኑ የመጣው በበርጫ ሰዓት ነው፤ የድሬ ሰው ነኝና ጥድፊያው አልጠፋኝም። በሐምሌ ንፋስ መስመሩ ሲቆራረጥ መሰላል ይዤ ወጣሁ። የሳህኑ እግር ለብሎን አራት ቀዳዳ አለው፤ ሁለቱ ባዶ ናቸው። በጣቴ ብገፋው ቆርቆሮው ሲንኳኳ ይሰማል። በትንሹ ፈቀቅ ባለ ቁጥር ሳተላይቱን የሚስት ሳህን እንዲህ ይታሰራል? ደውዬ ሰው የመጣው በዘጠነኛው ቀን ነው። «መብራት ቢጠፋም ይሠራል» የተባለውም እንዲሁ ነው፤ ሞደሙ ከአምፖሉ እኩል ይጠፋል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። እኔ የተሰጠኝ የሌላ ሳተላይት መረጃ ነው። ስለዚህ የአንድ ዓመቱ ውል ያለ ቅጣት እንዲቋረጥ፣ የመሣሪያውና የተከላው ክፍያ እንዲሁም በሐምሌ በምክራችሁ ያሳደግኩት የፓኬጅ ልዩነት እንዲመለስልኝ፣ ሳህኑንም መጥታችሁ እንድትነቅሉ እጠይቃለሁ። ስትነቅሉ የበሳችሁትን ቆርቆሮ ድፈኑት፤ በክረምቱ አፍስሶብኛል። የተጠቀምኩባቸውን ወራት መደበኛ ሂሳብ አልጠይቅም፤ አራቱን የነሐሴ ቀናት አስባለሁና።

ምላሻችሁን በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ

አባሪ፦ የውሉ ቅጂ፣ ደረሰኞች፣ የሳህኑ እግር ፎቶግራፍ
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን