13,717,421 ብቸኛ ቁጥር አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በእንቆቅልሽ ዓምዳችሁ 123,456,789 ለ9 ሲካፈል የሚገኘው 13,717,421 ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል) ነው ብላችኋል። የመጀመሪያው እርምጃ ልክ ነው፤ የአሃዞቹ ድምር 45 ስለሆነ ለ9 ይካፈላል፤ አሃዞቹን እንዳሻችሁ ብታቀያይሯቸውም ያው ነው። የተሳሳታችሁት ከዚያ በኋላ ነው። ለትንንሾቹ ብቸኛ ቁጥሮች አልካፈል አለ ማለት ብቸኛ ነው ማለት አይደለም።

አለመካፈሉስ እውነት ነው። 7ን፣ 11ንና 13ን በአንድ ጊዜ ለመፈተሽ ቁጥሩን ከቀኝ ጀምሮ ሦስት ሦስት አሃዝ ቆርጦ አንዱን መደመር፣ ቀጣዩን መቀነስ ነው፤ የሦስቱ ብዜት 1,001 ስለሆነ ይሠራል። ከ421 ላይ 717 ቀንሰን 13 ስንጨምር ከዜሮ በታች 283 ይመጣል፤ 283 ደግሞ ለአንዳቸውም አይካፈልም። ግን ፍተሻው እስከ ስኩዌር ሩቱ፣ እስከ 3,703 ድረስ መዝለቅ አለበት። አካፋዩ 3,607 ተደብቆ ያለው 504ኛው ብቸኛ ቁጥር ላይ ነው!

504 ጊዜ ማካፈል የሚያሰለቸው ሰው፣ ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በቆረቆሩበት ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ፌርማ የተወልንን ዘዴ ይሞክር። ከስኩዌር ሩቱ ከፍ የሚለውን የመጀመሪያ ሙሉ ቁጥር፣ 3,704ን ይውሰድ። ስኩዌሩ 13,719,616 ነው፤ ቁጥራችን ሲቀነስለት 2,195 ይቀራል። በ5 የሚያልቅ ሙሉ ስኩዌር መጨረሻው 25 መሆን ስላለበት ይህ ሳይለፋበት ይወድቃል። ቀጥሎ 3,705፦ ከ13,727,025 ላይ ቁጥራችን ሲቀነስ 9,604፣ ማለትም 98 በ98። የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት አገኘን ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት በድምራቸው ሲባዛ የሚገኘው ነው። 98ን ከ3,705 ብንቀንስ 3,607፣ ብንደምር 3,803። ሁለቱም ብቸኛ ናቸው፤ አለቀ።

ዘዴው እንዲህ የሚፈጥነው ግን አካፋዮቹ ሲቀራረቡ ነው። 1,000,001 የ101 እና የ9,901 ብዜት ነው፤ በፌርማ መንገድ ከ1,001 ተነስቶ 5,001 እስኪደርስ 4,001 ሙከራ ይፈጃል። በተራ ማካፈል ግን 26ኛው ብቸኛ ቁጥር ራሱ 101 ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ትንንሾቹን በማካፈል ጨርሶ ከዚያ ወደ ስኩዌሩ መሻገር ይሻላል።

ስለ ካልኩሌተር አንድ ነገር ልጨምር። ከቅዳሜ ገበያ የምትገዛዋ ስምንት አሃዝ ብቻ የምታሳይ ካልኩሌተር 123,456,789ን አትይዝም፤ የ9ኙ ማካፈል በወረቀት ይሠራ። ከዚህ የባሰው ደግሞ የማይታየው ነው፦ ለምሳሌ ሌላ ቁጥር፣ 13,717,417ን ለ101 ብታካፍሉ ከነጥብ በኋላ ያለውን ቆርጣ ድፍን 135,816 ታሳያችኋለች፤ 1 ቀሪ ግን አለ። ስለዚህ የተገኘውን መልሶ በ101 ማባዛት ግድ ነው፤ 13,717,416 ሲመጣ ጉድለቱ ይታያል።

በሚቀጥለው እትም መልሱ 3 × 3 × 3,607 × 3,803 ተብሎ ቢታረም መልካም ነው።

የሂሳብ መምህር፣ ከጎንደር