አባባ፣ ሠዓሊው ልኩን ያውቃል

ይድረስ ለውድ አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል?

የላክሁልዎትን ካርድ አይተው «ይህ ሠዓሊ የሰው ልክ አያውቅም እንዴ?» ብለዋል አሉ። ያውቃል እንጂ! ጣሊያናዊው ያኮፖ ፖንቶርሞ ጌታችን ከመስቀል ሲወርድ የሚያሳየውን ይህን ሥዕል ለፍሎረንሱ ሳንታ ፌሊቺታ ቤተ ክርስቲያን የሣለው ከ1525 እስከ 1528 ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልዎት)። በዚያ ጊዜ ራፋኤልና ማይክል አንጄሎ የሰውን አካል አስተካክሎ መሣልን ከጫፍ አድርሰውት ነበር። ከእነሱ ኋላ የመጡት ልኩን እያወቁ አስረዘሙት፣ አጣመሙት። ማኔሪዝም የሚሉት ይህንን ነው።

ካርዱን እንደገና ሲያዩት ከእግር ይጀምሩ። ከፊት ቁጢጥ ያለው ወጣት የጌታችንን ሥጋ ተሸክሞ በእግሩ ጣቶች ብቻ ቆሟል፤ ያን ሸክም ይዞ እንዲያ የሚቆም ሰው የለም። ቀጥለው መስቀሉን ይፈልጉ። የለም፤ መሰላልም መቃብርም የለም፣ ከላይ በግራ በኩል አንዲት ደመና ብቻ። መሬቱ በቅጡ ስለማይታይ ከኋላ ያሉት ሴቶች በምን ላይ እንደቆሙ አይታወቅም። የነጣው ሮዝና ሰማያዊ ቀለም ካርድ ላይ የደበዘዘ ይመስላል፤ ሥዕሉ ያለበት የቤተ ክርስቲያኑ ጸሎት ቤት ግን ጨለም ያለ ነው፣ እዚያ ሲያዩት ያበራል።

ብዙ ሰው ይህ አሣሣል ሮም በ1527 በንጉሠ ነገሥት ካርሎስ 5ኛ ወታደሮች ከመዘረፏ የመጣ ድንጋጤ ነው ይላል። እኔ አይዋጥልኝም። ሌላው የፍሎረንስ ሠዓሊ ሮሶ ፊዮሬንቲኖ በዚሁ አሣሣል ከመስቀል የማውረዱን ሥዕል ለቮልቴራ ከተማ የሣለው ገና በ1521 ነው። ዝርፊያውስ ሠዓሊዎቹን በተነ፤ ሮሶም ከሮም ሸሽቶ በ1530 ፈረንሳይ ገባ፣ የንጉሡን የፎንቴንብሎ ቤተ መንግሥት አስጌጠ።

ይህ አሣሣል የተበላሸው በኋላ ነው፤ ተከታዮቹ ሰውን አይተው ከመሣል ይልቅ የቀደሙትን ሥዕል መገልበጥ ሲያበዙ። ሠዓሊና የሠዓሊዎች ታሪክ ጸሐፊ የነበረው ቫሳሪ በ1546 ሮም ውስጥ አንድ አዳራሽ በ100 ቀን ሥሎ ጨረስሁ ቢል፣ ማይክል አንጄሎ «ያስታውቃል» አለው ይባላል።

አንድ ነገር ልጨምርልዎት፤ ደስ ይልዎታል። የፖንቶርሞ ደቀ መዝሙር ብሮንዚኖ ነበር፤ የብሮንዚኖ ተማሪ ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ ደግሞ ለፍሎረንሱ መስፍን ለኮዚሞ ዴ ሜዲቺ የታላላቅ ሰዎችን መልክ ከታሪክ ጸሐፊው ከጳውሎ ጆቪዮ የሥዕል ስብስብ ሲገለብጥ የእኛን የዐፄ ልብነ ድንግልንም ሥሏል። ሥዕሉ የፍሎረንሱ የኡፊዚ ሙዚየም ነው፤ የዚህ ስብስብ መልኮች በመተላለፊያው ከጣሪያው ሥር ነው የተደረደሩት፣ ቀና ብሎ ላላየ ያመልጣሉ።

ልጅዎ