ሦስቱ ባልዲዎችና አንዱ ማዳበሪያ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በትምህርት ቤቶች ቆሻሻን ለይቶ ስለ ማጠራቀም

የተከበሩ የቢሮው ኃላፊ፣

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በከተማዋ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተጠሪ ከሆንኩ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የትምህርት ቤቱን ስም እዚህ ያልጻፍኩት የምናገረው ነገር የብዙዎቻችን ገመና ስለሆነ ነው፤ አንድ ርዕሰ መምህር ብቻውን እንዲጠየቅበት አልፈልግም። ስሜና ስልኬ ለመዝገብ ቤት ባስገባሁት ዋናው ቅጂ ላይ አለ።

ከሁለት ዓመት በፊት ሦስት ባለ ቀለም ባልዲዎች መጡልን። አረንጓዴው ለምግብ ትርፍራፊ፣ ቢጫው ለፕላስቲክ፣ ሰማያዊው ለወረቀት። በጠዋት ሰልፍ ላይ ተመረቁ፤ ሪባን ተቆረጠ፤ በሚኒ ሚዲያ ግጥም ተነበበ፤ ፎቶ ተነሣን። ፎቶው ላይ እኔም አለሁ፣ ያውም መሐል ላይ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሙዝ ልጣጭ ሰማያዊው ባልዲ ውስጥ ሲጥል እጅ ከፍንጅ ያዝኩት። ጽሑፉን አላነበበም እንዳልል ከክፍሉ ደረጃ የሚወጣ ልጅ ነው። «ቲቸር፣ አርብ ከሰዓት ሁሉም አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ነው የሚገባው» አለኝ። ሊያላግጥብኝ አልነበረም። እኔ የማላውቀውን ነገር ነበር የነገረኝ።

አርብ ደርሶ ቆሜ አየሁ። የጽዳት ሠራተኛችን ማዳበሪያዋን አፉን ከፍታ መጀመሪያ አረንጓዴውን ገለበጠች፤ ከዚያ ሰማያዊውን፤ ከዚያ ቢጫውን። ከምሳ የተረፈው ሽሮና እንጀራ በላዩ የፈሰሰበት የመልመጃ ወረቀት ከዚያች ደቂቃ በኋላ ማንም የሚገዛው አይደለም። ማዳበሪያው ወደ ጓሮ በር ተጎተተ፤ ከጓሮ በር በጋሪ ወደ ገንዳው፤ ከገንዳው መኪና አነሣው። ስድስት መቶ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ የለየውን በግማሽ ደቂቃ አንድ አደረግነው። ሠራተኛዋን ልወቅስ አልችልም። የምትሰጠው አንድ ማዳበሪያ ነው፤ የሚመጣው ጋሪም አንድ ነው።

ደግሞ ሌላም ነገር አየሁ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው። ቢጫውን ከመገልበጧ በፊት ሃይላንዶቹን አንድ በአንድ አወጣች። (የአንድ የታሸገ ውኃ ስም ነበር፤ ዛሬ የማንኛውም ፕላስቲክ ጠርሙስ መጠሪያ ሆኗል።) ክዳኑን ትከፍታለች፤ በጉልበቷ ተጭና አየሩን ታስወጣለች፤ መልሳ ትከድናለች፤ ከደረጃው ሥር ወዳስቀመጠችው ሌላ ከረጢት ትወረውራለች። ባዶ ጠርሙስ እንዲህ ካልተጨመቀ ቦታ ይፈጃል። እኔ ይህን ለተማሪዎቼ አስተምሬ አላውቅም፤ እርሷ ማንም ሳያስተምራት ታውቀዋለች። ሲጠራቀም ቁራሌው ይመጣና ይወስዳል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ። ክበባችን ጠርሙሶቹን ሸጦ ኳስ ሊገዛ ወስኖ ነበር። አራት ሳምንት ሰበሰብን፤ ሸጥን፤ ገንዘቡ ለኳሱ አልበቃም። እርሷ አንድም ቃል አልተናገረችም። በኋላ ምግብ ከሚያበስሉት እናቶች አንዷ ለብቻ ጠርታ ነገረችኝ፤ ያ ገንዘብ ለካ የእርሷ የታክሲ መሳፈሪያ ነበር። «አካባቢን እንጠብቅ» እያልን ከግቢው ሰው ሁሉ ትንሹን ደሞዝ ከምታገኘው ሴት ላይ ነው የወሰድነው። ኳሱን መምህራን አዋጥተን ገዛነው፤ ጠርሙሱን ለእርሷ መለስን። የትኛውም መመሪያ ሲወጣ ግን ይህች ሴት ከግምት እንድትገባ እለምናለሁ። በየትምህርት ቤቱ አንዲት አለች።

ቆሻሻ መለየት ለዚህ ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። ልዋጩና ቁራሌው በየሰፈሩ ሲዞሩ፣ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ቆርቆሮና ከአሮጌ በርሜል ምጣድና ምድጃ ሲያወጣ የኖረ ነው። ያልተለማመድነው ከምንጩ መለየትን ነው፤ እኛ ያደባለቅነውን ሁልጊዜ ሌላ ሰው በእጁ ይለይልናል። የከተማዋ ቆሻሻ በሚደፋበት ቆሼ ላይ ለዐሥርት ዓመታት የሆነው ይኸው ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከሟቾቹ መካከል እዚያው ቆሻሻ እየለዩ ሲኖሩ የነበሩም ይገኙበታል። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ሰኞ ክፍል ስገባ ትምህርት አልጀመርኩም፤ ዝም ብለን ተቀመጥን።

ሕጉም አለ። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ነዋሪው መልሶ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለውን ቆሻሻ ከሌላው ለይቶ እንዲያስቀምጥ ያዘዘው እነዚህ ተማሪዎቼ ሳይወለዱ ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ ጸደቀ። እንግዲህ ለይ የሚል አለ፤ የተለየውን ለይቶ የሚያነሣ ነው የጠፋው።

ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ማመንጫ አለ፣ ያቃጥለዋል የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው። ነገር ግን የእኛ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የምግብና የአትክልት ትርፍራፊ ነው፤ እርጥብ ነው። እርጥብ ማገዶ ምድጃ ውስጥ የጨመረ ሰው ያውቀዋል፤ እሳቱ መጀመሪያ ውኃውን ለማትነን ይደክማል። የእንጀራ ፍርፋሪያችንን በነዳጅ ጭነን ረጲ ድረስ ወስደን ውኃ ማፍላት ምን ይባላል?

ስለዚህ ባለፈው ዓመት እርጥቡን ግቢያችን ውስጥ ለማስቀረት ሞከርን። የምገባ መርሐ ግብሩ ከተጀመረ ወዲህ በየቀኑ ሁለት ባልዲ ያህል ትርፍራፊና የሽንኩርት፣ የድንች፣ የጎመን ልጣጭ ይወጣል። ከመጸዳጃ ቤቱ ራቅ አድርገን ጉድጓድ ቆፈርን። የመጀመሪያው ሙከራ የሚያሳፍር ነበር። ወጡንም እንጀራውንም እንዳለ ደፋንበት፤ በሳምንቱ ዝንብ ግቢውን ወረረው፣ ሽታው አንደኛ ክፍል ድረስ ገባ፣ ርዕሰ መምህሩ «ዛሬውኑ ይደፈን» አሉ። ልክ ነበሩ። አየር የማያገኝ እርጥብ ነገር ይገማል እንጂ ጥሩ ብስባሽ አይሆንም፤ ይህን የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ከመማሪያ መጽሐፍ ወደ አካፋ ሲመጣ ግን ረሳሁት።

ሁለተኛውን ከመሬት በላይ በጣውላ አጥር ሠራነው። ዘይትና ወጥ የነካው አይገባም፤ እሱን ለብቻው በግ የሚያረቡ ጎረቤት ይወስዱታል። የልጣጭና የደረቅ እንጀራ አንድ ባልዲ በገባ ቁጥር ሁለት ባልዲ ደረቅ ሣር ወይም ከእንጨት ሥራ ቤት ያመጣነው ሰጋቱራ ይለብሳል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ትተናል፤ ግቢያችን ሞልቶታል፣ ግን በቶሎ አይበሰብስም። ሰኞና ሐሙስ በመንሽ ይገለበጣል። በሁለተኛው ሳምንት ከመሐሉ እንፋሎት ሲወጣ ያዩት ልጆች እሳት ገባበት ብለው እየጮሁ ጠሩኝ። እጃቸውን አስገብተው ሙቀቱን እንዲነኩት ፈቀድኩላቸው። ስለ ረቂቅ ሕዋሳት በዘጠኝ ዓመት ካስተማርኩት ሁሉ ያን ቀን ያስተማርኩት ሳይበልጥ አይቀርም። ከክረምቱ በፊት ጥቁር፣ አፈር አፈር የሚል ብስባሽ አወጣን፤ ግማሹ ለትምህርት ቤቱ ጎመን ገባ።

የወረቀቱ ነገር ግን አልተሳካልንም። ሁለት ኩንታል ያህል አሮጌ ደብተርና የመልመጃ ወረቀት አጠራቅመን ለመሸጥ ስንጠይቅ፣ ንብረት ማስወገድ ስለሆነ ኮሚቴ ይቋቋም፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ ተባለ። ኮሚቴው ተቋቋመ። ቃለ ጉባኤው በአራት ቅጂ ወጣ። ወረቀቱ ዛሬም መጋዘን ውስጥ ነው፤ አይጥ ቀድማን እየለየችው። አሮጌ ወረቀት የሚገዙ ፋብሪካዎች እዚሁ ሀገር ውስጥ አሉ። የፈተና ወረቀት ምስጢር ነው ከተባለ ተቆራርጦ ይሰጥ፤ የቀረው ግን አሮጌ ወንበርና የተበላሸ ተሽከርካሪ በሚወገድበት ሥርዓት መወገድ አለበት ብዬ አላምንም።

ይህ የትምህርት ቤት ብቻ ችግር አይደለም። ለስብሰባ በሄድኩበት መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ሰው ከተነሣ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ግማሹ ብቻ የተጠጣ ሃይላንድ ተደርድሮ ይቀራል፤ ውኃው ያልተደፋ ጠርሙስ ደግሞ ቁራሌውም አያነሣውም። ስለ ቆሻሻ አያያዝ የተነጋገርንበት ስብሰባም እንዲሁ ነበር።

የተከበሩ ኃላፊ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ተጨማሪ ባልዲዎች ይገዛሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እባክዎ ይቆዩ። ባልዲ ከመግዛት በፊት ማን፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ሊወስድ እንደሚመጣ ይወሰን። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከወረዳው የቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበር ጋር ውል ይያዝ፤ ለምሳሌ ማክሰኞ ደረቁ ብቻ ይነሣ፤ በዚያ ቀን እርጥብ ያቀላቀለ ግቢ ሳይነሣለት ይደር። ሦስት ቀለምም አያስፈልገንም፤ እርጥብና ደረቅ፣ ሁለት ይበቃል። ደረቁን ማኅበሩ ከእኛ ይልቅ አሳምሮ ይለየዋል፤ እንጀራው ነውና። ከሽያጩ የጽዳት ሠራተኞች ድርሻ በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ በቸርነት አይሁን። አሮጌ ወረቀት ለመሸጥ የርዕሰ መምህሩ ፊርማ እንዲበቃ አንዲት ገጽ መመሪያ ይውጣ። ለምገባው ማብሰያ ክፍሎች ደግሞ መንሽና አካፋ ይሰጣቸው፤ ከባለ ቀለም ባልዲ የሚረክስ ይመስለኛል።

መጥተው ቢያዩ ደስ ይለናል። ብስባሹ ከጓሮ በር በስተግራ ነው። ሰኞ ወይም ሐሙስ ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ቢደርሱ ሲገለበጥ ያገኙታል፤ የማይሳሱለትን ጫማ ያድርጉ። ሃይላንዱን እንዴት እንደሚጨምቁት የጽዳት ሠራተኛችን ታሳይዎታለች፤ አርብ ከሆነ ግን ከሰዓት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተጠሪ መምህር