ደብረ ማርቆስ ለምሳ ብቻ አትቁሙ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በመኪና ስለመጓዝ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። የዓባይ በረሃው ክፍል ደስ ይላል። ጎሐ ጽዮን ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ በላብ መጠመቅ፣ ደጀን ሲወጡ ደግሞ ጋቢውን መልሶ መፈለግ፤ ልክ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን ጸሐፊው ምሳ በልቶ አለፈ። ጎጃሜ ስለሆንኩ ምሳውን አልቃወምም። ቤተ መንግሥቱስ?

ከተማዋ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻ ነበረች። ድሮ መንቆረር ነበር ስሟ። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ አስፋልቱም መሃል ከተማዋን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። እና ሰው የማይገባው መንገድ ርቆት አይደለም። የሚሰማው ታሪክ ስለማይዘው ይመስለኛል።

ዘመዶቼን ይዤ ስሄድ ያስጎበኘን ሰው ጨዋ ነው፤ ግን ሰርግ ቤት እንደገባ አዝማሪ ከውዳሴ አልወጣም። ንጉሡ ጀግና፣ ንጉሡ ደግ። የእህቴ ልጅ «እምባቦ ጦርነት ላይስ ምን ሆኑ?» ብሎ ሲጠይቅ ወሬው ቶሎ ወደ ሌላ ዞረ።

እምባቦን ዘሎ ደግሞ ምን ይቀራል? ጥር 1873 አፄ ዮሐንስ ራስ አዳል ተሰማን የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው አነገሡ፤ ስማቸውም ተክለ ሃይማኖት ተባለ። ከፋ ግን ከዓባይ ማዶ ነው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ዓይናቸው እዚያው ነበር። ዘውዱ ጠብ ይዞ መጣ ማለት ነው። በግንቦት 1874 ሁለቱ ንጉሦች እምባቦ ላይ ተዋጉ፤ በምኒልክ በኩል የጦር አበጋዛቸው ራስ ጎበና ነበሩ። ተክለ ሃይማኖት ቆሰሉ፣ ተማረኩም። አፄ ዮሐንስ ሁለቱንም ተቆጥተው ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱባቸው።

መከራው በዚህ አላበቃም። በ1880 የሱዳን ደርቡሾች ጎንደር አጠገብ ደንቢያ ላይ ተክለ ሃይማኖትን ድል አደረጓቸው፣ ጎንደርም ተቃጠለች። በዓመቱ ከምኒልክ ጋር መከሩብኝ ብለው አፄ ዮሐንስ ጎጃም ገቡ። ያን ጊዜ የተዘረፈው ገበሬው ነው፤ እሱን የሚያነሳው አስጎብኚ ግን አልገጠመኝም። ከዚያ 1888 መጣ። ተክለ ሃይማኖት ጦራቸውን ይዘው ዓድዋ ዘመቱ፤ የተሰለፉት እምባቦ ላይ ከማረኳቸው ከምኒልክ ጎን ነው። መማረካቸውን የደበቀ ሰው ዓድዋ መሄዳቸው ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበር እንዴት አድርጎ ያስረዳል?

የልጃቸው የራስ ኃይሉ ነገርም እንዲሁ ነው። በ1916 ከራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን የዞሩ፣ በኋላ የታሰሩ፣ በወረራው ጊዜ ከጣሊያን ጋር የወገኑ ሰው ናቸው። አፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ከመግባታቸው በፊት፣ መጋቢት 1933፣ ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ የገቡላቸውም እኚሁ ራስ ኃይሉ ናቸው። ይህን የመሰለ ታሪክ ይዞ ጎብኚን ማሰልቸት ራሱ ችሎታ ይጠይቃል።

አስጎብኚዎቹን ብቻ መውቀስ አልፈልግም፤ የተሰጣቸውን ነው የሚናገሩት። ከተማዋ ዩኒቨርሲቲ አላት። የታሪክ ተማሪዎች ዓመተ ምሕረቱን አስተካክለው በቀላል አማርኛ አንድ ሰሌዳ ቢጽፉ ብዙ ወጪ የለውም። ሽንፈቱም ይጻፍበት፣ የተዘረፈው ገበሬም ይግባበት። ለሕፃናት ደግሞ እምባቦ የት እንደሆነ የሚያሳይ ካርታ ቢኖር እንዴት ጥሩ ነበር።

መንገዱ ሰላም ባጣበት ጊዜ ስለ ጉብኝት መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው አይጠፋም። እኔም አስቤበታለሁ። ሰሌዳ ለመጻፍና አስጎብኚ ለማሠልጠን ግን እንግዳ እስኪመጣ አይጠበቅም።

ጽሑፉን ደግማችሁ ስታወጡት ከምሳው በኋላ ሁለት ሰዓት ጨምሩበት። እምባቦን ጠይቁ ብላችሁም አንባቢውን ምከሩት፤ ጠያቂ ከበዛ መላሹም ያነባል። ሹፌሩ መሸብን ብሎ ይነጫነጭ ይሆናል። ቡና ጋብዙት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከደጀን