ፕሊዩሽኪን እና ያንተ ሳሎን

ውድ አባዬ፣

ለጤናህ እንደምን አለህልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉልበትህስ? መውደቅህን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። አንተ በስልክ ያወራኸኝ ስለ ዝናቡ ብቻ ነው።

የልጅ ልጅህ የፊት ጥርሷ ወልቋል። አማርኛዋ ተሻሽሏል፤ ስትናደድ ግን በፈረንሳይኛ ነው።

ሰሞኑን ሠዓሊው ማርክ ሻጋል ለደራሲው ጎጎል «የሞቱ ነፍሳት» የሠራቸውን ሥዕሎች አየሁ። ሚንስክ ተማሪ ሳለህ ያነበብከውን መጽሐፍ፣ «ሐሳቡን የሰጠው የኛው ፑሽኪን ነው» እያልክ የምትኮራበትን። ሻጋል የቪቴብስክ ልጅ ነው። አገሩን ለቆ ፓሪስ ከገባ በኋላ፣ ቮላር የሚባል የሥዕል ነጋዴ አዞት ከ1923 እስከ 1927 እ.ኤ.አ. 96 ትልልቅ ሥዕሎች ሠራ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የመዳብ ዝርግ በሰም ይቀባል፣ በመርፌ ይጫራል፣ ከዚያ አሲድ ውስጥ ይገባል። አሲዱ የሚበላው የተጫረውን ብቻ ነው። መጽሐፉ ከሥዕሎቹ ጋር የወጣው ግን በ1948 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቮላር ሳያየው ሞተ። ሻጋል ከሥዕሎቹ አንድ ስብስብ ለሞስኮው ትሬቲያኮቭ ጋለሪ ሰጥቶ ነበር። አይተኸው ይሆን?

በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን የስስታሙን የፕሊዩሽኪንን ቤት ሳይ ሳቄ መጣ። ሳሎንህ ነዋ! የማይሠራው ራዲዮ፣ ባዶ ጀሪካን፣ የጋዜጣ ክምር።

ሳቄ ግን አልቆየም። ክዳን እንኳ የማትጥል ሰው፣ የወንድሜን ዕቃ በሰልስቱ አስወጣኸው። ደብተሮቹን ሳይቀር። እማዬ ሹራቡን ብቻ ተውልኝ ስትልህ በር ላይ ቆሜ ነበር። በጎጎል መጽሐፍ የሞቱ ጭሰኞች እስከሚቀጥለው ቆጠራ ድረስ መዝገብ ላይ አሉ፤ ባለርስቱም ይገብርባቸዋል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ቺቺኮቭ እየዞረ የሚገዛቸው በመዝገብ ገና በሕይወት ስላሉ ነው። እኛ ቤት ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ስሙን የሚጠራ ጠፋ። ለምን? በስልክ ብጠይቅህ ወደ ዝናቡ ትመልሰኛለህ።

ክፉ አባት ነበርክ አላልኩም። ጫማህን ሳትቀይር እንዳስተማርከን አውቃለሁ።

ይልቅ ከመኝታ ቤትህ እስከ ሽንት ቤት ያለው መተላለፊያ ይለቀቅ። በሌሊት ስትነሳ ጋዜጣው ነው የሚጥልህ። የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ ይመጣል፤ አትቆጣው፣ ራዲዮህን አይነካም። መድኃኒትህንም ሳትመገብ አትዋጥ።

የወንድሜ ፎቶ አንድ እንኳ ተርፎ ከሆነ ለአክስቴ ልጅ ስጠው። ልጄ አጎቷ ማን እንደሚመስል ጠይቃኛለች።

ልጅህ